ሦስትን ማን አስወጣው

ፈተናው አለቀ። ሴገድ ላይ ግንቦት ነው።
እንደ አገሩ ደንብ ጥቁር ነው የለበስነው፤
ነጭ ሸሚዛችን ከጀርባ ተጣብቋል፣
የቦቶንድ ከረባት ከኪስ ተወሽቋል።
ትራም የምትጠብቅ አንዲት ባልቴት አይታን
«ልጆቼ፣ ማን ሞተ?» ብላ ብትጠይቀን፣
ቼንጌ ፈገግ ሳትል፣ «ሎጋሪዝም» አለች፤
ባልቴቷም «ነፍስ ይማር» ብላን ተሳፈረች።

ከቲሳ ወንዝ ወርደን ደረጃው ላይ ቁጭ አልን፤
ከጥያቄ አራት ግን ፈቅ ማለት አቃተን።
ኤክስ ከሦስት ይበልጣል፤ ከአምስት ግን አያልፍም፤
እዚህ ድረስ ማንም ከማንም አይጣላም።
ጠባችን የቅንፍ ነው።

ቦቶንድ የውሃ ጠርሙሱን አዘንብሎ፣
ጣቱን አርሶ እንደ እርሳስ ድንጋዩ ላይ ሥሎ
«ይኸው!» አለ፣ «ቅንፉ ጀርባ ይሰጠዋል፤
የማይገባን ቁጥር ፊት ይነሳዋል።
ያንቺ ክብ ቅንፍ ግን፣ እስቲ አንቺው ፍረጂ፣
ሦስትን አቅፎታል በሁለት እጁ እንጂ!
አቅፎ ‹አልገባህም› ምን የሚሉት ፍርድ ነው?»

ቼንጌም፦ «እንግዳውን ዞር ብሎ ሳያየው
የሚከለክል ዘበኛ የት አገር ነው ያለው?
የኔ ክብ ጨዋ ነው፤ ሦስትን ትቀርበዋለህ፣
ትቀርበዋለህ፣ ትቀርበዋለህ፣
አትነካውም እንጂ።»

ፀሐይ ጠጣችውና ማስረጃው ደረቀ፤
ቦቶንድ ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ውሃው አለቀ።
ሌሄል ነጥብ ይቀምራል፦ «ሁለት ሄደ። ኧረ አንድ።»
«መምህር ቫዳስ እኮ ሁለቱንም ይቀበላሉ።»
«ጥርሳቸውን ካላመማቸው!»
ኤሞኬ ‹ኮማ ነው ወይስ ነጥብ?› ብላ ሌላ ጠብ ጀመረች፤
የሰማት ስታጣ የቼሪዋን ፍሬ ወንዙ ውስጥ ተፋች።

«አንተስ ምን ብለህ ጻፍክ?»
ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

መጀመሪያ ጀርባ አሰጠሁት፤ ቀጥሎ ራራሁ፤
ሰርዤ ክብ አደረግኩት፤ እንደገና ፈራሁ፤
በላዩ ላይ በላዩ ስል እስክሪብቶው ቀለም ተፋ፣
ያም ቅንፍ ያም ቅንፍ እዚያው ተዋውጦ ጠፋ።
አሁን ሦስት አጠገብ ያለው
ድብልብል፣ ጥቁር ነጥብ ነው።

ጀልባ አለፈ። ውሃው ደረጃውን ላሰ።
ቦቶንድ ቼንጌን አየ፤ ቼንጌ ቦቶንድን።
በቁጥር መስመር ላይ የተሞላ ነጥብ
ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፦

ሦስት ገብቷል።
ያውም ከነጫማው።