እናሳስባለን

ሳልሚያ ነው ቤቱ፣ ባሕሩ ከፊቱ፤
ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሲነጋ ሌሊቱ
አቡ ሚሻልን አቅንቼ፣ ትራሱን ደርድሬ፣
ሰባቱን ክኒኖች መዳፌ ላይ ቆጥሬ...
ጢን ይላል ስልኩ፤ ፈገግ ይላል እሱ፤
ጡረታው ገባለት፣ ሳይነሣ ከትራሱ።

ወደብ ላይ ነበረ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ማኅተም አሳራፊ።
«ያንቺስ አባት?» አለኝ አንድ ቀን ማለዳ።
«ዝናብ ለኪ» አልኩት። ነገሩ እንግዳ
ሆነበት፤ ዝናብን ማን ይለካል ብሎ
ሳቀ እስኪያስለው፣ ክኒኑን ከእጁ ጥሎ።

በተሰባበረ ዐረብኛ አስረዳሁት፦
ኮምቦልቻ ዳር፣ ከሽቦ አጥር ውስጥ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣
ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዶፍ ቢወርድ፣ ተኩስ ቢሰማ፣
ይሄዳል፤ ያነባል፤ ሚሊ ሜትር ይጽፋል፤
ጠብ ያላለ እንደሆን «ባዶ» ብሎ ይፈርማል።

«ታዲያ አሁን ስንት ይሰጡታል?»
ብሩን ወደ ዲናር መነዘርኩና አፈርኩ።
በሦስት አባዝቼ ነገርኩ።
«ደኅና ነው» አለኝ ጥቂት አስቦ፤ «በቀን ነው?»
«አዎ» አልኩት። «በቀን ነው።»

ማታ፣ ከማድ ቤት፣ ፍሪጁ ሲያጓራ፣
የአባቴ ድምፅ መጣ ከሳሉ ጋራ።
የጡረተኞቹ ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ኮምፒዩተር የላቸውም።
ይናገራል እሱ፤ እተይባለሁ እኔ፣
በአንድ አውራ ጣት፣ እንቅልፍ በዓይኔ።

«ጻፊ፦ ጉዳዩ፣ የጡረታ አበል ማሻሻያን ይመለከታል።
ጻፊ፦ ፖስተኛው ሙሔ ምርኩዝ ተውሶ ነው ባንክ የሚደርሰው።
አዋላጇ አስናቁ ዓይኗን ሞራ ጋርዷታል፤
‹ተሰለፊ› ያለቻት ገንዘብ ከፋይ
በእጇ የተቀበለቻት ልጅ ናት። ይህን ግን አትጻፊ፤ ታፍራለች።
ጻፊ፦ ገበያው በየሳምንቱ ሲወጣ
አበሉ የቆመበት ቆሟል።»

ስጨርስ አነበብኩለት፦ «...በትሕትና እንለምናለን።»
ዝም አለ። ሳለ።
«‹እንለምናለን› የሚለውን አጥፊ።
ሠላሳ አራት ዓመት ዝናብ ስለካ
ደመና ለምኜ አላውቅም፤
የወረደውን ጻፍኩ፤ ያልወረደውንም ጻፍኩ።
ይህም መዝገብ ነው። ‹እናሳስባለን› በይ።»

አረምኩት። ላክሁት።
ከወዲያኛው ክፍል ደወሉ ጮኸ፤ ውሃ ጠምቶታል አቡ ሚሻል።
በፍሪጁ ብርሃን ብርጭቆውን ሞላሁ፤
ከመስጠቴ በፊት
ጎንበስ ብዬ፣ ከዓይኔ ትክክል አድርጌ፣
እስከ ስንት እንደደረሰ አነበብኩ።