ቤት ያልመታ ስንኝ

ዘጠኝ የኪራይ ቤት፣ ዘጠኝ ጊዜ ጋሪ፣
ዘጠኝ ጊዜ መሐላ፦ «ልጃችን አትረብሽም፣
መብራት በጊዜ እናጠፋለን።»
የስፌት መኪናዬ እንደ ሕመምተኛ
በቃሬዛ ስትጓዝ ከቀበሌ ቀበሌ፣
ባሕር ዳር ላይ ኖርን
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ቤት ያልመታ ስንኝ ሆነን።

ዘንድሮ አንማው ከጋራዡ በጡረታ ወጣ።
የናፍጣው ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር ሳይለቅ
«ገጠር እንግባ» አለኝ፤
«ማንም ውጡ የማይለን፣
ስንሞትም ሬሳችን መኪና የማይጠብቅበት።»

ሦስት ዘመዶቹ ሦስት ቦታ ጠሩን።
ጥር ላይ ተነሣን፤ ዳሳሽ፣ እኔ፣ እሱ፣ አንድ ዶማ።
ዶማው የአባቱ ትምህርት ነው፦
ጉድጓድ ቆፍር፣ አፈሩን መልሰህ ድፈነው፤
ከተረፈ፣ መሬቱ ሰው ያኖራል፤
ከጎደለ፣ መርቀህ እለፈው።

ከጮቄ ግርጌ፣ ስናን ላይ ቆፈርን።
ጥቁሩ አፈር ከጉድጓዱ ተርፎ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።
አጎቱ «ብርድ የሚባል አናውቅም» አሉ
ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።
ዳሳሽ ሳቀች።
እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ ያዝሁት።

ደጀን አፋፉ ላይ ዓባይ ከታች ይታያል፤
ዓይን ይጠግባል፣ እንስራ አይሞላም።
የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚሉት እዚያ ገባኝ።
አፈሩ እዚያም ተረፈ።
የአክስቱ ልጅ «ገደሉ ሩቅ ነው» አለን፤
ዳሳሽ ከቆመችበት ጠጠር ወረወረች፣
ሲወድቅ ግን አልሰማንም።

ጅጋን አልፈን፣ ወደ ብር ወንዝ ስንወርድ፣
ቀዩ አፈር ጉድጓዱን ልክ ሞላ።
አልተረፈም። አልጎደለም።
አንማው ዶማውን ተደግፎ ዝም አለ።
«ምን ትቀብራላችሁ?» አለች ከአጥር ማዶ
ሽንኩርት የምትኮተኩት ሴት፣ አትጠገብ።
ቤት ልንሠራ ነው አልናት። ቀና አለች፦

«ስሙኝ፣ ዶማ ያዦች፣ ሳትለኩ፣ ሳታጥሩ፤
ሚያዝያ ሲገባ ምንጩ ይቀጥናል፣ ይሆናል እንደ ክሩ።
ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ላይ ያበቃል፤
ከዚያ ወዲያ ጅጋ፣ በእግር ነው፣ ይርቃል።
በረዶ ይወርዳል በሦስት ዓመት አንዴ፣
በቆሎ አይምርም፣ አይምርም ስንዴ።
ዘመዳችሁ ወሰን ይገፋል በጨለማ፣
ጅቡ እዚች ግራር ሥር ያመሻል፣ ወሬ ሲሰማ።
እኔም ክፉ ነኝ፤ አልደብቅም ጠባዬን፣
እጮኻለሁ፣ ዶሮ ከጫረው ጓሮዬን።
ግን ሌሊት ቢጨንቅ፣ ቢመጣ ሕመም፣ ምጥ፣
ፋኖስ ይዤ እወጣለሁ፣ ሳልጠራ፣ ሳልቀመጥ።»

ሌላው ሁሉ መሬቱን እያሞገሰ
እንደ ሙሽራ ኳለው፣ እንደ በግ ዳሰሰ፤
እሷ ግን ጉድለቱን
እንደ አደራ ዕቃ ቆጥራ አስረከበች፣
ወደ ሽንኩርቷ ዞራ ኩትኮታ ቀጠለች።

አንማው በመንገድ ስለ አፈር ያወራል፣
የእኔ ጆሮ እዚያው ከአጥሩ ሥር ቀርቷል።
«ጎረቤት» ሲል ሰው ልብ ሳይለው ኖሯል፤
ቃሉን ቢፈለቅቁት ውስጡ ቤት አድሯል።
«እዚያ ነው» አልሁት። ዶማውን አየና
«አፈሩ እኮ አልተረፈም» — «ይሁና፤
አፈር የተረፈው ቦታ እውነት ጎደለና።»

ሚያዝያ ነው፤ ምንጩ ክር ሆኗል፣ እንዳለችው።
ግድግዳው ጎብጧል፤ ሞተር እንጂ ጭቃ አንማው የት ያውቀው!
«ብር አለቀብን ወይ?» ስትለኝ ዳሳሽ፣
«ብርማ ያው ይፈሳል፣ ከታች ወርደሽ ካየሽ።»
መኪናዬ ከመስኮቱ ሥር እግሯን ተክላ፣
የአትጠገብን ቀሚስ ጠርዝ ስሰፋ፣
ጩኸት ሰማሁ።
የእኛ ዶሮ ናት፣ ከጓሮዋ ገብታ።
እየጮኸች ነው አትጠገብ፤
ስንኙ ቤት መታ።