ሰፋኝ

ሰፋኝ ብዬ ሄጄ ቆምኩኝ ከሰፊው ደጅ፣
ሜትር ባንገቱ ላይ፣ መቀሱ በአንድ እጅ።
ዊኒፔግ፣ ጥር ማለቂያ፣ ኤሊስ ጎዳና ዳር፤
አመዳይ መስኮቱ ላይ ጥልፍ ሲጠልፍ የሚያድር።

"ምን ነበር?" አለኝ ጋሽ ቀጸላ ቀና ሳይል።
"ሹራቤ ሰፋኝ" አልኩ። "እኔ አልሰፋሁትም" ሲል
ሳቀ በገዛ ቀልዱ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ
ለመጣ ሰው ሁሉ ይቺው ናት አመሉ።

ሰናፍጭ መሳይ ነው፣ ወፍራም የበግ ጠጉር፤
ትከሻው ክንዴ ላይ፣ እጅጌው እስከ ጥፍር።
ካቻምና ልኬ ነው። ዘንድሮ ለበስኩት፤
መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ፈለግኩት።

እሱ ግን ከሹራቡ እኔን አየ ቀድሞ፣
ከአንገቴ ጎድጓዳ ላይ ዐይኑ ትንሽ ቆሞ።
"እሱ ነው የሰፋው ወይስ አንቺ ጠበብሽ?"
አላለም። ሊል ነበር። "በሩን ዝጊ" አለኝ፣ "ብርዱን አስገባሽ።"

"ይህንስ አልቆርጥም" ብሎ መቀሱን አስቀመጠ፤
"ሹራብ እንደ ምስጢር ነው፤ አንድ ክር ካመለጠ
ጫፉን አትይዢውም፣ እስካንገት ይፈታል።
ደግሞ ሰፊ ልብስ ከመቀስ ይልቅ ብልሃት ይወዳል።

ከታች ምን ለበስሽ? እሱም ሰፊ ሱሪ!
ድንኳን በድንኳን ላይ! ሰርግ ልትጠሪ?
አንዱ ሲንዘረፈፍ ሌላው ይሰብሰብ፤
ቀጭን ሱሪ አድርጊ፣ እግርሽ ይነበብ።
ሻርፑንም ፍቺው፤ እንዲህ ተከናንበሽ
እኮ ነው ልክ እንደ..." ቃሉን ዋጠው። "እንደ በረዶ ሰው የመሰልሽ።"

ሚስስ ሉሴሮ ጥጉ ላይ ተቀምጣ፣
የነርስ ሱሪዋን ልታሳጥር መጥታ፣
አላስቻላትም፤ ተነሳችና ጫፉን ያዝ አርጋ ሸጎጥ፣
ትንሽ ብቻ፣ በፊት ብቻ፣ ሱሪዬ ውስጥ።
"ኋላውን ተዪው ይውረድ። ከፊት ወገብ ይኑር፣
ከኋላ ምስጢር።"
እኔ ወገብ እንዳለኝ ረስቼው ነበር።

"ለመቼ ነው?" አለኝ።
"ሰኞ ሥራ እገባለሁ፣ ከስምንት ወር..." ብዬ ተውኩት።
ላይብረሪ ነው፣ ባንኮኒው ረጅም፣
ከደረት በታች ሰው አያየኝም።
"እንግዲያ" አለ፣ "አንገትሽና እጆችሽ ናቸው የሚሠሩት።"
እጅጌዬን ጠቀለለ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
"ቀጭኑ ቦታ ይታይ፣ አንጓሽ..."

ዝም አለ።
በእጄ ጀርባ ላይ የመርፌው ብልዝ፣
ሐምራዊ፣ ዳሩ ቢጫ፣ ገና ያልደበዘዘ።
ጎትቼ ልሸፍነው ስል አውራ ጣቱን አሳየኝ፤
በነጥብ የተወቀረ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ወንፊት፤
"እኔንም ይወጋኛል" አለ፣ "ያውም በየዕለት።"
እጅጌውን ግን አላወረደውም።

"ትከሻው ይንጠልጠል፣ ተዪው፤ አንቺ ግን ቀጥ በይ።
ሰፊ ለብሶ የሚጎብጥ ሰው
ከታላቅ ወንድሙ የተዋሰ ይመስላል።
የራስሽ መሆኑን መጀመሪያ ልብሱ ይወቀው።"

መስታወቱ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤
አልወፈረችም። ግን ተገኘች።

"ስንት ልክፈል?"
"ምን ሰፋሁና?"

ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ያ ሁሉ መሸጎጥ፣ ያ ሁሉ መጠቅለል፣
ከላዩ ካፖርት ደረብኩበት፣ እስከ አገጬ ቆለፍኩት፤
ማን ሊያየኝ!
አውቶቡሱ መጣ፤ ማሞቂያው ይነፍሳል፤
አጠገቤ አንድ ሰውዬ ጓንቱን ሳያወልቅ
ስልኩን ሊከፍት ይታገላል።
መስኮት ዳር ተቀመጥኩ፣
ሁለት ፌርማታ ጠበቅኩ፣
ከዚያ ዚፑን
ቀስ አድርጌ ወደ ታች።