በሌሊት ማን ይከፍታል?

ሁለት ካርድ አወጣሁ፣ በአንድ ሆድ፣ በአንድ ስም፤
አንዱን እንዳላማው ያውቃል፣ አንዱን ግን አያውቅም።

ባለ መስታወቱ፣ ማራኪ ዳገት ላይ፣
ደመናን በደረቱ ገልብጦ የሚያሳይ፤
ሶፋው የተቀመጠን እንደ ሊጥ ይውጣል፣
ውሃው በብርጭቆ፣ ፈገግታው በወረቀት ይመጣል።
ዋጋው በቀለም ተጽፏል፦
በምጥ፣ በቀዶ ጥገና፣ ለብቻ ክፍል፤
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦
«መንታ ከሆነ ይጨምራል።»
(እንዳላማው ይህን አንብቦ
ሆዴን በጥርጣሬ አየው።)

ባለ ቆርቆሮው ደግሞ፣ ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣
ግቢው ጠባብ፣ አጥሩ በጽድ ተከልሎ፤
የግድግዳው ቀለም እንደ ድንች ልጣጭ የተነሳ፣
አግዳሚው ነፍሰ ጡር በዝቶበት እግሩ የሳሳ።
አዋላጇ ሲስተር ውዳላት ግን እጇ ሙቅ ነው።
ሆዴን እየዳሰሰች፣ «ራሱ እዚህ፣ እግሩ እዚህ» ስትል፣
ለእንግዳ ሰፈር እንደሚያሳይ ሰው፣
ልጄ መራገጡን ትቶ ያዳምጣታል።

የሺሐረግ፦ «ነፍስ በርካሽ አይገዛም» አለች፤
እሷ ስትወልድ ባሏ ሞተር ሸጧል።
እናቴ፦ «ማርያም ትድረስልሽ እንጂ ቤቱ ምን ያደርጋል?»
አብራኝ የምትሰፋው ብርቄ ግን፣ መርፌውን ከአፏ አውጥታ፦
«ደም አለ ወይ? በይ፤ ጄኔሬተር አለ ወይ? በይ፤
ጨርቅ ስትገዢ እንኳ ወደ ፀሐይ አውጥተሽ አይደል ወይ?»

ጠየቅሁ።
የላይኛው «ሁሉም አለን» አለ፤ ሲመልስ ፈጠነ።
የታችኛው «ደም ከትልቁ ሆስፒታል ነው የምናስመጣ» አለ፤
አፈረ፣ ግን አመነ።

ሐኪሙስ?
ማክሰኞ ጠዋት ዳገቱ ላይ ያየኝ፣
ሐሙስ ከሰዓት ከቆርቆሮው ሥር ተቀበለኝ፤
ያው መነጽር፣ ያው ሳል፣ ጋዋኑ ብቻ ሌላ።
አየኝ። አየሁት።
ሁለታችንም ሁለት ካርድ እንዳለን ገባንና
ሳቅ አመለጠን።
ከሳቁ በኋላ ግን ሆዴን ባር ባር አለው፦
እጁ አንድ ከሆነ፣ እኔ የምመርጠው ምኑን ነው?

ማታ ለእንዳላማው ነገርኩት፤ ሁለቱንም ካርድ አልጋው ላይ ዘረጋሁ።
አልተቆጣም። ጣራውን ሲያይ ቆየ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣
«መጣሁ» ብሎ ወጣ።
ባጃጅ የለም። ውሻ አለ። ከአንገረብ በኩል የጅብ ድምፅ።

መጀመሪያ ዳገቱን ወጣ።
ደወለ። ደወለ። ደግሞ ደወለ።
ከብዙ በኋላ፣ በበሩ ቀዳዳ አንድ ዓይን፦
«ተቀማጭ ከፍላችኋል? ደረሰኝ አለ?»

ወረደ።
ከታችኛው በር በጡጫ ሁለቴ እንደመታ፣
ቆርቆሮው ጩኸቱን ሳይጨርስ ሰንሰለቱ ተፈታ፤
አንድ ሽማግሌ፣ አሮጌ ካፖርት፣ በብብቱ ባትሪ፣
ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ፣ ከነእንቅልፉ፦
«የት አለች?»

የት አለች።
እንዳላማው ሲነግረኝ እዚህ ላይ ይቆማል፤
ጉሮሮውን ይጠርጋል።
«የለችም አባባ፤ ገና ናት፤ መንገዱን ልለካ ብዬ ነው» ቢለው፣
ሰውየው አልሰደበውም።
«ደግ አደረግህ» አለ፣ ወንበሩን እየመለሰ፣
«በጃንተከል በኩል ግን አታምጣት፤ ተቆፍሯል፤
ሲንገጫገጭ ምጥ አይወድም።»

እንዲህ ነው የመረጥነው።
የላይኛውን ካርድ አልቀደድኩትም፤ በቦርሳው ኪስ አለ፤
ሰው ነኝ፣ እፈራለሁ።

እንግዲህ አንተ፣ ወይም አንቺ፣
በስፌት መኪናው ጩኸት የምትገላበጠው፣
አንድ ምሥጢር ልንገርህ፦
ጋሽ ፈንታሁን የሚያድሩት አንድ ሌሊት እየዘለሉ ነው።
ዛሬ የሉም።
ዛሬ ተኛ፤
ነገ አንኳኳ።