የኒሙ ድርሻ

ለሦስተኛ ጊዜ ዘንድሮ ተዘጋ፤
ሙሜ ቧንቧ ሠሪው መጣልን ሲነጋ።
በከዚራ ፀሐይ ከግንቡ ሥር ቆፍሮ፣
የሸክላውን ቱቦ በመዶሻ ሰብሮ፣
ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ፤ ማለቂያ የለም፤
እርጥብ ሹሩባ እንጂ የዛፍ ሥር አይመስልም።

«የኒሙ ነው» አለ። «ማን ነው የተከለው?»
እናቴ ዝም አለች፤ ሽቅብ አየችው።

አባቴ ነው። ያኔ፣ ከባቡር ሲመጣ፣
በእግሩ እጣቢ ችግኙን ሲያጠጣ፣
«ንጹሑ ለእኛ ነው፣ እድፉ ለዛፉ»
ይል ነበር፤ ግራሶ ነው እስከ ጥፍር ጫፉ።

እሱ ካረፈ ወዲህ ማን አጠጥቶታል?
ድርሻውን ፈልጎ ራሱ መጥቷል፤
እኛ በፈረቃ ውሃ ስንጠብቅ፣
እሱ ሌሊት ሌሊት በሸክላው ስንጥቅ
ጠብታ በጠብታ ሲጠጣ ከርሟል።

«ይቆረጥ፣ ግዴለም!» አለና ሲታክት፣
ሙሜ ተቀመጠ ጥላው ከዋለበት።
ላቡን ጠራረገ። ቀና ብሎ አየ።
መቁረጡን ዳግመኛ አላነሳም።

ማታ ሳፋ ይዛ ብቻዋን ወጣችና፣
ግንዱ ሥር ደፋችው፦
«ከእንግዲህ በበር ና።»