ሁ

ዛሬ ፒያሳ ላይ፣ በማዘጋጃ ቤት፣
አስታማሚ ሁሉ እንዲመሰገንበት
ልጄ ተጠርታለች፤
ጋሽ ቢምረውን እግሬ ሥር አስቀምጣ፣
«በጎን ያዙሩልኝ ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣ አደራ፣ እስክመጣ።»
ቢምረው አንቀላፋ።
እንዳልቀሰቅሰው፣ ምላሴ ዓምና ጠፋ።

ዓምና፣ ሐምሌ ላይ፣ የደም ግፊት ጥሎኝ፣
ቀኝ እግሬን፣ ቀኝ እጄን፣ ቃሌንም ነጠቀኝ።
ያ ቀኝ እጅ ነበር፣ ማዘጋጃ ቤቱ በቻይና ቀለም
ሠላሣ ሁለት ዓመት ያጻፈበት፣ የተሸላሚን ስም፤
ሯጩን ጽፌያለሁ፣ ግብር ከፋዩን፣ አሽቃባጩንም፤
የሰው ገላ ያጠበ፣ የሰው ሽንት የደፋ፣
ከጻፍሁት መሐል አንድ እንኳ የለም።

ሲስተር ፈንታነሽም አብራ ተሸልማለች፤
ካዳር ተረኝነት፣ ዓይኗ ደም እንደለበሰ፣ ቸቸላን ወጥታ የመጣች፣
ወገብ ሳይቀነጠስ፣ ሬሳ የሚያህል ሰው እንዴት እንደሚነሣ
ልጄን ያስተማረች።

አመሻሽ ላይ ደረሰች፤ ባንድ እጇ ጄሪካን፣ ባንድ እጇ ወረቀት፤
(ቧንቧ ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ውሃ አይታለፍም፣ መንገድ ላይ ካገኙት።)
መጀመሪያ እኔን አገላበጠች፣ አንሶላ ዳሰሰች፣ ቢምረውን ተቆጣች፤
ወረቀቱን ኋላ፣ ከሁሉ ኋላ፣ ፊቴ ላይ ዘረጋች።

ማኅተም አለው። ጠርዙ ወርቅማ ነው። ፊርማውም ያምራል።
ስሟ ግን ጎድሏል።
«ባንቻየ» ይላል፣ ኮምፒዩተር የጻፈው፤
መጨረሻው ፊደል ከመንገድ ቀርቷል።

«አየ» ማለትማ የሩቅ ሰው ቃል ነው፣
ባንድ ቀን አጨብጭቦ ወደ ቤቱ የሚገባ፤
አራት ቀብሬ፣ በአምስተኛዋ «ባንቺ አየሁ» ያልሁ እኔ ነኝ፣
እየሳቅሁ፣ ዓይኔ እያነባ።
ሌሊቱንም ያየሁ እኔ ነኝ፣
ሦስቴ ተነሥታ ስታዞረኝ፤
አንድ ቀን ብቻ፣ (ይቅር ይበላት፣ እኔ ይቅር ብያለሁ)
ኩሽና ገብታ፣ ፎጣ ነክሳ፣ ስትጮህ የሰማሁ።

ማታ ገላዬን ስታጥብ፣ መዳፏን በግራ እጄ ያዝሁ፤
በሌባ ጣቴ፣ እየተንቀጠቀጥሁ፣
በሳሙናው አረፋ ላይ አንዲት ፊደል ጻፍሁ፦
ስኒ የመሰለች፣ ጆሮ ያላት፣
ያ ኮምፒዩተር የዘለላት፣
ሁ።

«በረደህ እንዴ?» አለች፤ ሙቅ ውሃ ጨመረች።
ያን እጇን ግን ሳትለቀልቅ፣ ጨብጣ ቆየች።