የማን ወገብ

ሌንዝ ከቪየና መጣ፣ ዝናብ በትከሻው አዝሎ፣
በጋዜጣ የጠቀለለውን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ፤
«ያድቪጋ፣ ስም ፈልጊልኝ፤ ስም ካለው ዋጋው እጥፍ ነው፣
ስም ከሌለው ግን ቆዳ ነው፣ ውሻም አሽትቶ የሚያልፈው።»

ፈታሁት። ቀበቶ ነው።
ዘለበቱ ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር፤ አንዱ ራሱ ታሽቶ የጠፋ፣
ሌላው ግን አፉን ከፍቶ እስከ ዛሬ የሚያንቀላፋ።

እኔ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ ከሳን ወንዝ ማዶ ያደግሁ፣
ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ስፌት መቁጠር የለመድሁ።
መጀመሪያ ማሽተት ነው። ከዚያ መብራት ማዘንበል።
ከዚያ በጥጥ ጫፍ፣ በትንሽ ሰም፣ ቀስ እያሉ ማባበል።

ማህተሙ ብቅ አለ፦ የክፍለ ጦሩ ቁጥር፣ ዓመቱ፣
የፋብሪካው ስም ደግሞ ራሱ ጠፍቶ ጅራቱ።
ከሥሩ ሁለት ፊደል፣ በሚስማር ጫፍ ተጭሮ፤
አንዱ ዱላ ነው፣ ጫፉ ላይ ሆዱ ተወጥሮ፣
ሌላው መሰላል፣ አንድ እርከን ብቻ ቀርቶት ከዱሮ።

በላቲን ካነበብሁት «ፕ» እና «ህ» ይላል፤
በሲሪሊክ ከሆነ ያው ጭረት «ር» እና «ን» ይሆናል።
በዚህ ከተማ፣ በፕሸሚሽል፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ወረፋ፤
ፊደሉ ግን ሁለት ነበር፣ ፖስተኛውን ሳይቀር የሚያለፋ።

ወደ መዝገብ ቤት ሄድሁ፤ ሦስት ማክሰኞ፣ ሳልጎድል፣
ጣቴ አቧራ ለብሶ፣ ምሳዬ ፖም፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ በመሃል።
በአንድ ሻምበል፣ በአንድ ገጽ፣ ሁለቱንም አገኘኋቸው፦
ፓቬው ሃናስ፣ አናጢ። ሮማን ናዛርኪቭ፣ ንብ አርቢ። ዕድሜያቸው
ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት። መንደራቸው፣ ቁመታቸው፣
ጸሐፊው ቀለም ቆጥቦ «ዝኒ ከማሁ» አላቸው።

ለሌንዝ ደወልሁለት። «ሃናስ በይው» አለኝ ቶሎ፣
«ዋርሶ ውስጥ ገዢ አለኝ፣ የሚከፍል ቸኩሎ።
ቆይ፣ ቆይ፤ ልቪቭ ደግሞ ሌላ አለ፣ ናዛርኪቭ ከሆነ የሚወስደው።
የማን ወገን እንደነበረ ንገሪኝ ብቻ፤ የቀረው የእኔ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ቀበቶውን በጀርባው አስተኛሁ።
ያን ጊዜ ነው ቀዳዳዎቹን ያየሁ።

የፋብሪካው አምስት ናቸው፤ ክብ፣ እኩል፣ እንደ ሰልፍ።
ከእነሱ ወዲህ በእጅ የተወጋ፣ ጠማማ፣ ጉልበት ከድቶት መስመር የሚያልፍ፣
አንድ። ከዚያ ሌላ። በኅዳር ይሆን? በታኅሣሥ? ከተማው ተከቦ፣
ፈረሱ ታርዶ ተበልቶ፣ ጌታው ደግሞ ተርቦ፤
ሌላ። ሌላ። በሁለት ጣት፣ በሁለት ጣት ወደ ውስጥ፤
ቀበቶ ማጥበቅ እንላለን እኛ፣ የደመወዝ ቀን ሲዘገይ፣ በቀልድ።

አምስተኛዋ ላይ ዘለበቱን ቆልፌ የእህቴን ልጅ ጠራሁ።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልኩ ሆነ።
ፈታሁ።

ስድስተኛዋ ግን ጠርዟ ስለት ነው፤ ምንም አልነካት፤
ለነገ ብሎ በስቷት፣ ነገ ሳይደርስላት።
ወይ ሞተ፣ ወይ ተማረከ፣ ወይ አንድ ሰው ዳቦ ሰጠው።
ቆዳው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሆድ ይፍጀው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይዋል፣ አልክድም፤
ሁለት ስም አንድ ቀበቶ ሲጓተት ግን መሃል ገብቼ አልፈርድም።
ካርዱን ጻፍሁ፣ በእርሳስ፣ ቃል ሳላሳምር፦
«ወገኑን አላወቅሁም። ወገቡን ግን አውቃለሁ፦
ኅዳር ላይ ሰማንያ፣ መጋቢት ላይ ስልሳ ሳንቲሜትር።»

ሌንዝ አነበበው። ደግሞ አነበበው።
የድካሜን ግማሽ ከፈለ፤ አልተከራከርሁም። ሲወጣ አየሁት በመስኮት፣
ዝናቡ መሃል ቆሞ፣ የራሱን ቀበቶ
ሲነካ አንዴ፣ በድብቅ፣ በአንድ ጣት።